ክስ ያልተቋጨበት ሰው ፓስፖርቱን ማሳደስ ይችላል? የሕንድ ሕግ ምን ይላል?

ክሱ በፍርድ ቤት እየታየ ያለ፣ ግን ገና ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው የፓስፖርቱ የአገልግሎት ጊዜ ቢያበቃ ምን ይሆናል? ጥያቄው በባሕረ ሰላጤው አገራት ለሚሠሩ ሚሊዮኖች ሕንዳውያን የእንጀራ ጉዳይ ነው። በዚያ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ የጸና ፓስፖርት ያስፈልጋል። በአገር ቤት የተከፈተው ክስ ደግሞ የድንበር ጠብ ወይም የትዳር ውዝግብ የወለደው ሊሆን ይችላል።

እስከ 1967 ድረስ በሕንድ ፓስፖርት መስጠትም ሆነ መከልከል በመንግሥት መልካም ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ውጭ አገር መጓዝ የግል ነፃነት አካል እንደሆነና ያለ ሕግ ሊነፈግ እንደማይችል ወሰነ። ፓርላማውም በጥቂት ወራት ውስጥ የፓስፖርት ሕግ አወጣ። ይሁንና ከነፃነት ውሳኔ የተወለደው ይኸው ሕግ በአንቀጽ 6 ላይ፣ አመልካቹ ፈጽሞታል የተባለው ወንጀል በሕንድ የወንጀል ፍርድ ቤት በመታየት ላይ ከሆነ ፓስፖርት እንዲከለከል ይደነግጋል።

እገዳው ያለ መውጫ አልቀረም። መንግሥት በነሐሴ 1993 ባወጣው ማስታወቂያ መሠረት፣ ተከሳሹ ጉዳዩን ከሚያየው ፍርድ ቤት ከአገር የመውጣት ፈቃድ ካመጣ ፓስፖርት ሊሰጠው ይችላል። በተፈለገ ጊዜ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብም በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። የፓስፖርቱን ዕድሜ የሚወስነው የፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ ነው፤ ትዕዛዙ ስለ ጊዜ ምንም ካላለ ግን የሚሰጠው ፓስፖርት ለአንድ ዓመት ብቻ ያገለግላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሕንድ የወንጀል ክርክሮች ብዙ ዓመታት ሊፈጁ ስለሚችሉ፣ ሰውየው በየዓመቱ ወደ ፍርድ ቤት ለመመላለስ ይገደዳል። በማመልከቻው ላይ የአገልግሎት ዘመኑ በግልጽ እንዲጻፍለት መጠየቅ ትንሽ ነገር ቢመስልም ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ለፖሊስ አቤቱታ መቅረቡ ብቻውን ክስ በፍርድ ቤት አለ አያሰኝም። በርካታ የክፍለ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች እገዳው የሚሠራው ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ተቀብሎ ማየት ሲጀምር እንደሆነ ወስነዋል። ያም ሆኖ በቅጹ ላይ ክስን መደበቅ አያዋጣም፤ መረጃ ደብቆ ፓስፖርት ማውጣት ራሱን የቻለ ወንጀል ሲሆን፣ የተሰጠውም ፓስፖርት ሊነጠቅ ይችላል።

አዲስ ፓስፖርት በእጅ መግባቱ ደግሞ ጉዞ ተፈቀደ ማለት አይደለም። የዋስትና ግዴታዎች እንደጸኑ ይቆያሉ፤ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የታዘዘ ሰው ለእያንዳንዱ ጉዞ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። በሌላ በኩል፣ የፓስፖርት ባለሥልጣኑ እንዳሻው አይነጥቅም። በ1977 ፓስፖርቷ የተያዘባት ማኔካ ጋንዲ ባቀረበችው አቤቱታ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 በሰጠው ታዋቂ ውሳኔ የመንግሥት አሠራር ፍትሐዊና ምክንያታዊ መሆን እንዳለበት፣ ባለቤቱም የመደመጥ ዕድል ሊነፈግ እንደማይገባ አስታውቋል።

ጥያቄው ለምሥራቅ አፍሪካም እንግዳ አይደለም። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት ፓስፖርት የዜጋ መብት እንደሆነና ሊከለከል የሚችለው ፓርላማ ባወጣው ሕግ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይገልጻል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ1999 ባወጣው ማብራሪያ፣ ከአገር የመውጣት መብት የጉዞ ሰነድ የማግኘት መብትንም እንደሚጨምር አስፍሯል፤ ውጭ ለሚኖር ዜጋ ፓስፖርት አለማደስም ይህንን መብት ሊነካ ይችላል።

በዱባይ ወይም በሪያድ ያለ ሕንዳዊ አመልካች የሚስተናገደው በቆንስላው ቢሆንም፣ የሚጠየቀው ትዕዛዝ የሚመጣው አገር ቤት ካለው ችሎት ነው። ስለዚህም ፓስፖርቱ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሳይሆን፣ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ለጠበቃ ውክልና መላክ ይኖርበታል።