የወረዳው ምርጫ የት ደረሰ?

የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበር አለው። በግንቦት 1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት 137ቱን ወሰደ። በ2000 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግ በተራው ያንኑ ያህል፣ 137 ወንበር አገኘ። 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን ባገለሉበት የ2005ቱ ምርጫ 138ቱም የኢሕአዴግ ሆኑ፤ በሰኔ 2013 ደግሞ ሁሉም ለብልጽግና ገቡ። አሸናፊው ተቀያየረ እንጂ ጠቅልሎ መውሰዱ አልቀረም።

የግለሰብ መብትና የሕግ የበላይነት ይቅደም የሚል ሊበራል መራጭን የሚያሳስበው ይኸው ነው። 1997ን የሚናፍቁ ብዙዎች ናቸው፤ ግን ያኔም ቢሆን ለገዢው ፓርቲ ድምፁን የሰጠው ነዋሪ ከአንድ ወንበር በላይ አላገኘም። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የተሸናፊው ድምፅ ተቆጥሮ ይቀራል፤ ወንበር አያመጣም። ሁሉም አባላቱ የአንድ ፓርቲ ሰዎች በሆኑበት ምክር ቤት ደግሞ በጀት ሲጸድቅ ማን ይሞግታል? ከንቲባውን ማን ያፋጥጣል?

ሌላው ሥጋት የተመረጠው ሁሉ አለማስተዳደሩ ነው። ቅንጅት ለከንቲባነት የመረጣቸው ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ታሰሩ፤ ከተማዋም በአቶ ብርሃነ ደሬሳ ለሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። የ2005ቱ ምክር ቤት የሥራ ዘመን በ2010 ቢያበቃም ምርጫው እየተራዘመ 2013 ደረሰ። በመሀሉ የከተማዋ ቻርተር ተሻሽሎ የምክር ቤት አባል ያልሆኑት ኢንጂነር ታከለ ኡማ በምክትል ከንቲባነት ከተማዋን እንዲመሩ ተሾሙ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ለከተማዋ ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጣታል፤ በዚያው አንቀጽ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። የመራጩ ፈቃድና የላይኛው አካል ፍላጎት ሲጋጩ የቱ እንደሚያይል ታሪኩ ራሱ ይናገራል።

ከሁሉም የባሰው ግን ወረዳ ላይ ነው። በ2013 መራጩ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ፤ የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ከ2005 ወዲህ አልተካሄደም። ነዋሪው ግን መንግሥትን በዓይኑ የሚያየው ወረዳ ነው። መታወቂያ ለማደስ፣ መሸኛ ለማጻፍ በጠዋት ይሰለፋል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ወይም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። ፒያሳና ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱም የምትክ ቤትና የካሳ ጥያቄ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሮጠው ወደዚያው ወደ ወረዳ ነው። የተሠራው መንገድ ያምራል፤ የብስክሌትና የእግረኛ መሄጃውም ደግ ነው። ችግሩ ቤቱ የሚፈርስበት ሰው ውሳኔውን ከመስማት በቀር ድምፁን የሚያሰማበት የመረጠው ሰው አጠገቡ አለመኖሩ ነው። ሹሙ የሚፈራው የሾመውን እንጂ ተሰላፊውን አይደለም።

መፍትሔው ከሕጉ የራቀ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ስለ ክልሎች ሲደነግግ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 54 የአብላጫ ድምፅን ግዴታ ያደረገው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ስለ ከተማው ምክር ቤት እንዲህ ያለ ገደብ አላስቀመጠም። ስለዚህ ወንበሮቹን በድምፅ ድርሻ ለማከፋፈል አዋጅ ማሻሻል ይበቃል።

ዕጩዎች ለቅስቀሳ ወደ ሰፈርዎ ሲመጡ ስለ መንገድና መብራት ይጠይቋቸው፤ ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር ያስመልሷቸው፦ የወረዳ ምርጫ መቼ ይካሄዳል? ወንበርስ በድምፅ ልክ እንዲከፈል ይሠራሉ? ለእነዚህ ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው ዕጩ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ድምፅዎ አይገባውም።