ጨርቁን ገልብጡት



ባለፈው ዒድ ዋዜማ እህቴ እዚሁ ኮልፌ ሰፈራችን ካለ አንድ ሱቅ ባለጥበብ ቀሚስ ገዛች። «የሸማኔ እጅ ነው» ስላሏት የሸማኔ ዋጋ ከፈለች። ሁለተኛ ሲታጠብ ቀለሙ ለቀቀ። እናታችን ቀሚሱን ገልብጣ አየችና «ይሄማ ከማተሚያ ቤት የወጣ ነው!» አለች። እኛ ሳቅን፤ እህቴ ግን አልሳቀችም።

ምህንድስና ስለምማር ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፈለግሁ። በሽመና በቁመት የሚወጠረው ክር ድር፣ በአግድም የሚገባው ማግ ይባላል። ሸማኔው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ድሩን በእግሩ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ በተከፈተው መሐል መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ይልካል። ጥበቡ ላይ ሲደርስ ድሩን እየቆጠረ ባለቀለሙን ክር በጣቱ ያስገባል። ጥበብ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወለዳል፤ ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው።

ስትገዙ እነዚህን እዩ፦

1. ጀርባውን ገልብጡ። የታተመ ከሆነ ቀለሙ ከፊት ደምቆ ከኋላ ይደበዝዛል። የእጅ ጥልፍ ከሆነ ጀርባው ላይ የክር ጫፍና ቋጠሮ ይገኛል።

2. ክሩን ዳስሱ። በእንዝርት የተፈተለ ማግ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል። ድሩ ዛሬ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ስለሆነ በእሱ አትፍረዱ።

3. በማሽን ተሸምኖ የእጅ የሚመስልም አለ። ከነጩ ጨርቅ ጫፍ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይበናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል።

የታተመ ጨርቅ መሸጥ በራሱ ነውር የለውም። ነውሩ ስሙን መለወጥ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት እንዳገኙ፣ ሻጩንም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁት፣ የሚያታልልም ከእሳቸው እንዳልሆነ እንደተናገሩ ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። እናታችን ቀሚሱን ስትገልብጥ የታወሰኝ ይህ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በህንድ ቫራናሲ ከተማ የታወቀውን የባናራሲ ሳሪ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ አንሷሪ የሚባሉ ሙስሊሞች ናቸው። በማሽን የተሠራ አምሳያ ገበያቸውን ሲሻማ ቆይቷል። ህንድ በ1985 እ.ኤ.አ. አንዳንድ የጨርቅ ዓይነቶች በእጅ ብቻ እንዲሸመኑ በሕግ ደነገገች፤ በ2006 የእጅ ሽመና መለያ ምልክት አወጣች፤ በ2009 የባናራሲ ስም በሕግ ተመዘገበ። ገዢው መለያውን አይቶ ይጠይቃል።

እኛ ገዢዎች እስከዚያው መለያው ዓይናችንና እጃችን ነው። የሚጎዳው የእህቴ ኪስ ብቻ አይደለም። በሽሮ ሜዳ ከንጋት ጀምሮ ጉድጓድ አፍ ላይ የሚቀመጡት የጋሞ ሸማኔዎች አሉ። እዚሁ ክፍለ ከተማችን አለርት ሆስፒታል አካባቢም ሥጋ ደዌ የጎዳቸው እናቶች በፈትልና በጥልፍ እንጀራቸውን ይበላሉ። የታተመው በእጅ ሥራ ስም በተሸጠ ቁጥር የእነሱ ቀን ይረክሳል።

ዶርም ውስጥ «ሸማኔ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ሲወረወር ሰምቻለሁ። ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ) በእጃቸው ሠርተው ይበሉ እንደነበር መድረሳ የተማርን ልጆች ይህን ልንል አይገባም። ለመጪው ዒድ ኢንሻአላህ ስትገዙ ጨርቁን ገልብጡ፤ እውነተኛውን ስታገኙ ደግሞ ዋጋውን እስከ አጥንት አትቁረጡ።