ዘውዱና ተራው ልጅ፦ የዱ ቦይስ የሕፃናት መጽሔትና የኢትዮጵያ ምስል (እ.ኤ.አ. 1920–1921)

እ.ኤ.አ. በጥር 1920 በኒው ዮርክ መታተም የጀመረው «ዘ ብራውኒስ ቡክ» የተሰኘ የሕፃናት መጽሔት በመጀመሪያው ዕትሙ መክፈቻ ላይ ያወጣው የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱን ምስል ነበር። መጽሔቱ በየወሩ በ15 ሳንቲም ይሸጥ የነበረ ሲሆን፣ የተዘጋጀውም ከ6 እስከ 16 ዓመት ለሆናቸው፣ በተለይም ለአሜሪካ ጥቁር ልጆች ነው። የዘር ጥላቻን ለመቋቋም ለሕፃናት ከተዘጋጁት ቀደምት ኅትመቶች መካከል አንዱ የኢትዮጵያን ንግሥት በደጃፉ ማቆሙ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። ምስሉ ለልጆቹ ምን አስተማረ? ምንስ ሳይነግራቸው ቀረ?

የመጽሔቱ መሥራች ዊልያም ዱ ቦይስ ከ1910 ጀምሮ «ዘ ክራይሲስ» የተባለውን የጥቁሮች መብት ማኅበር ልሳን ያዘጋጁ ነበር። ይህ ልሳን በየዓመቱ በጥቅምት ወር ለሕፃናት የተሰጠ ዕትም ያወጣ ነበር፤ በሌላ በኩል ግን በደቦ ስለሚገደሉ ጥቁሮች ያለማቋረጥ መዘገብ ግዴታው ነበር። በ1919 የበጋ ወራት በብዙ ከተሞች የዘር ግጭት ተቀሰቀሰ፤ በቺካጎ ብቻ 38 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ዱ ቦይስ ባወጡት ጽሑፍ የአንዲት የ12 ዓመት ልጅን ደብዳቤ ጠቀሱ፤ ልጅቷ ነጮች እርሷን የሚጠሉትን ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ አብልጣ፣ እንደምትጠላቸው ጽፋ ነበር። ዱ ቦይስ የገጠማቸው ችግር ይህ ነው። እውነቱን ከልጆች መሸሸግ አይቻልም፤ እውነቱን ብቻ መንገር ደግሞ ጥላቻን ያወርሳል። መጽሔቱ የተወለደው ከዚህ አጣብቂኝ ነው።

ስሙም ታስቦበት የተመረጠ ነበር። «ብራውኒ» በስኮትላንድ ተረት ሌሊት ሌሊት የቤት ሥራ የሚያግዝ ደግ ፍጡር ሲሆን፣ ቃሉ ግን ቡናማውን የቆዳ ቀለምም ያስታውሳል። በዘመኑ ከ1873 ጀምሮ ይታተም የነበረው «ሴንት ኒኮላስ» ገናና የሕፃናት መጽሔት ነበር፤ በእንዲህ ያሉ ኅትመቶች ውስጥ ጥቁር ልጅ ብቅ ካለ መሳቂያ ወይም አገልጋይ ሆኖ ነው። ዱ ቦይስ፣ ጄሲ ፎሴትና ኦገስተስ ዲል ያቀረቡት ከዚህ ተቃራኒውን ነው። የዓለምን ዜና የሚያደርሰው በጥቁርነቱ የማያፍር ቁራ ነበር፤ የልጆች ደብዳቤዎች የራሳቸው ዓምድ ነበራቸው፤ የተመራቂ ወጣቶች ፎቶግራፎችም ይወጡ ነበር። በጥር 1921 የላንግስተን ሂዩዝ ግጥሞች የታተሙት ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደጨረሰ በዚሁ መጽሔት ነው።

የዘውዲቱ ምስል በዚህ ዕቅድ ውስጥ ግልጽ ተግባር ነበረው። ከስድስት ወራት በፊት፣ በ1919 የበጋ ወራት፣ በደጃዝማች ናደው የተመራና ከንቲባ ገብሩ ደስታና በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የነበሩበት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን አሜሪካን ጎብኝቶ ነበር። የጥቁሮች ጋዜጦችም ጉብኝቱን በኩራት ተከታተሉት። ዓድዋ ከሩብ ምእተ ዓመት ያነሰ ትዝታ ነው፤ አፍሪካ ማለት ይቻላል በሞላ በቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። «ጥቁር ራሱን ማስተዳደር አይችልም» የሚል ትምህርት ለሚሰማ ልጅ፣ ዘውድ የጫነች ጥቁር ንግሥት ክርክር የማያሻት መልስ ነበረች።

ይሁን እንጂ ምስሉ ከፍሬሙ ውጭ የተወው ነገር አለ። በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ ባርነት ገና ሕጋዊ ነበር። አገሪቱ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን የመከልከል ግዴታ ገባች፤ በ1924 ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ሕግ ወጣ፤ ባርነት ራሱ በአዋጅ የተሻረው ግን በ1942 ነው። ብዙዎቹ የተፈነገሉት ከደቡብና ከምዕራብ ጠረፍ ነበር፤ «ባሪያ» እና «ሻንቅላ» የሚሉ ቃላትም የሰውን መልክ ከማኅበራዊ ደረጃ ጋር አቆራኝተው ቀሩ። ስለዚህ በአሜሪካ ለጥቁር ልጅ ክብር ምስክር የሆነው ዘውድ፣ በአገሩ በጥቁረቱ ለሚሰደብ ልጅ ያንኑ ምስክርነት አልሰጠም።

እዚህ ላይ የሚታየው ችግር ከአንድ ምስል የሰፋ ነው። ንቀትን በነገሥታት ታሪክ መመለስ የተናቀውን ልጅ ቀና ያደርገዋል፤ የንቀቱን ሚዛን ግን እንዳለ ይተወዋል። ሰው የሚከበረው ንጉሥ ስለነበረው ከሆነ፣ ንጉሥ ያልነበረው ሰው ምን ይመልሳል? የተሻለውን መልስ የያዙት የመጽሔቱ ሌሎች ገጾች ናቸው። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የሚጫወት፣ ከትምህርት ቤት የሚመረቅ ተራ ልጅ በእነዚያ ገጾች ላይ የሚከበረው ያለ አንዳች የዘር ሐረግ ማስረጃ ነው። መጽሔቱ በቂ ደንበኛ በማጣቱ በታኅሣሥ 1921 ከ24 ዕትሞች በኋላ ቢቆምም፣ ይህ ዘዴው ከዘውዱ ምስል ይልቅ ሩቅ የሚያደርስ ነበር።

የኢትዮጵያ የነጻነት ምስል ግን ዕድሜው ረዘመ። በግንቦት 1963 የአፍሪካ መሪዎች በካዛንቺስ አጠገብ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ አዲስ አበባ ለዚህ የተመረጠችው በከፊል በዚሁ ምስል ኃይል ነው። ዱ ቦይስ ያረፉት ከሦስት ወራት በኋላ፣ በነሐሴ፣ በአክራ ነው።

ለአማርኛ የሕፃናት ሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የአነባበብ መመዘኛ ነው። አንድ የልጆች መጽሐፍ ዓድዋን ሲተርክ ኢትዮጵያዊው ልጅ በውጭ ሰው ፊት እንዳያፍር ያደርገዋል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ግን ያው መጽሐፍ፣ ወይም በመደርደሪያው ላይ ከጎኑ የተቀመጠው፣ በክፍል ጓደኛው «ባሪያ» ተብሎ ለተሰደበው ልጅ የሚለው ነገር እንዳለ ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሳያነሣ የሚቀር ጥናት የሕፃናት መጻሕፍትን ፀረ ዘረኝነት ይዘት የሚለካው በግማሽ ብቻ ነው።