«ወደ ኋላ ቀረሁ» ... ከማን?

ዛሬ የማወጋችሁ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ የራሴን ገመና ነው። እስቲ ታዘቡኝ!

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ዲላ ከተማ በአንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ እውላለሁ። ሌላው ይመረቅበታል፣ እኔ ጣቴን ያመኛል! ማታ ማታ ደግሞ እንዲህ እንደምታነቡት እሞነጫጭራለሁ።

የተወለድኩት ፍስሐ ገነት ነው። ከዲላ ሩቅ አይደለችም፤ በጠዋት ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ምሳውን እዚያው ይበላል። ስሟ ደስታንና ገነትን አጣምሯል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እግሬን አላነሳሁባትም። ለምን? አንዲት ጥያቄ ፈርቼ። «ምን ላይ ደረስሽ?»

ከአብሮ አደጎቼ አንዱ ሐኪም ሆኗል። አንዱ በቡና ንግድ አይሱዙ ገዝቷል። አንዱ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቷል። አንዷ የሁለት ልጆች እናት ናት። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ፎቷቸው ይቀበለኛል። አገሬ ስገባ ደግሞ እናቶች አገጬን ይዘው «አንቺ ልጅ፣ እስካሁን?» ይሉኛል። ይቺ «እስካሁን» የምትባል ቃል ብቻዋን ዱላ ናት! «ቆማ ቀረች» ሊሉኝ ትንሽ እንደቀራቸው ይታወቀኛል።

እናም ቀረሁ። መስቀል ሲመጣ «ሥራ በዛብኝ»፣ ገና ሲመጣ «አሞኛል»። የልብ ጓደኛዬ ሠርግ ላይ እንኳ አልተገኘሁም። በስጦታ ፋንታ ውሸት ላክሁላት።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ ቆይቶ «አባባ እኮ ሦስት ሳምንት ተኝተው ተነሡ» አለኝ። ክው አልኩ። «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብዬ ጮህኩበት። ትንሽ ዝም አለና «ከመጣች ሰው ሲጠይቃት ትሳቀቃለች፣ ተዋት ብለውን ነው» አለ።

እናንተዬ! አባቴ የሕመም አልጋ ላይ ሆነው የእኔን ኀፍረት ያስታምሙ ነበር። በማግሥቱ ሚኒባስ ላይ ነበርኩ።

ስደርስ አባቴ በቅጡ ሳያገግሙ ማሳቸው ውስጥ ናቸው። የጌዴኦን ማሳ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከላይ ዋንዛው፣ ከመሀል እንሰቱ፣ ከሥር ቡናው፣ ሁሉም በየቁመቱ አንድ ላይ ይኖራል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንኑ አያያዝ ዓይቶ ነው። ቅርጫት አንሥቼ ለቀማ ጀመርኩ። እጄ ቸኩሏል፤ ቀዩንም አረንጓዴውንም አብሬ ጠረግሁት። አባቴ ቅርጫቴን ዓይተው «ይኼ እኮ ገና ነው። ምን አድርጎሽ ቀጠፍሽው?» አሉኝ።

ቡና በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ እኩል አይቀላም። ለቃሚ አንዱን ዛፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ጥሬው ከቀዩ ጋር ሲቀላቀል ጣዕሙን ያበላሻል። አባቴ የነገሩኝ ስለ ቡናው ብቻ ነው፤ ምክር አልሰጡኝም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ተነሥቼ ኩራዝ ለኮስኩና ራሴን ጠየቅሁ። «ወደ ኋላ ቀረሁ ስል ከማን ነው የቀረሁት?» ሌዎን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው ራሱን የሚለካበት ቁርጥ ያለ መለኪያ ሲያጣ ከሰው ጋር ይተያያል፣ ያውም ከሚመስለው ሰው ጋር ይላል። እውነቱን ነው! እኔ በሚኒስትር ቀንቼ አላውቅም። የምቀናው አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ በተቀመጠችው ነው።

ከዚያ አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ ከፈልኩ። አንደኛው «በእጄ ያልነበረ»፣ ሁለተኛው «የራሴ ጥፋት»፣ ሦስተኛው «ከነጭራሹ የማልፈልገው»።

አንደኛው ላይ ቡና ዋጋ ባጣበት ዓመት አባቴ የኮሌጅ ክፍያዬን መቻል እንዳቃታቸው ጻፍኩ። አንዲት የጎረቤት ልጅም ትዝ አለችኝ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተፈጠረው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲፈናቀል እሷም ሁለት ዓመት ከትምህርት ገበታ ተለየች። እሷን «ዘገየሽ» የሚል አፍ እንዴት ይከፈታል?

ቀጥዬ «ፈተናው» ብዬ ጻፍኩ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ እንደተሰረዘና በሰኔ መጨረሻ እንደገና እንደተሰጠ ታስታውሳላችሁ። ከተፈታኞቹ አንዷ ነበርኩ፤ ነጥብ አልመጣልኝም። ለጠየቀኝ ሁሉ ለዓመታት «ፈተናው ተሰርቆ እኮ ነው» ስል ኖሬያለሁ። እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። ያ ሐኪም የሆነው ልጅም እኮ የተፈተነው ያንኑ ፈተና ነው! በመሀል ባገኘነው አንድ ወር እሱ አጠና፣ እኔ ተከታታይ ፊልም ዓየሁ። ሰረዝኩና ወደ ሁለተኛው አዛወርኩት። አመመኝ። ግን ደግሞ ቀለለኝ። የራስ ጥፋት አንድ ደግ ነገር አለው፤ የሚጠግነው ራስ ነው።

ከእኔ በኋላ የመጣችሁ ልጆች ደግሞ እዚህ ላይ ስሙኝ። የ2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ወደ ኋላ የቀሩ ከተባሉ ሰልፉ ራሱ የታለ? ይህን የምለው አታጥኑ ለማለት አይደለም። ጥፋታችሁን ከዕድላችሁ ለዩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ተሸክማችሁ አትጉበጡ ለማለት ነው።

ሦስተኛው አሳቀኝ። «አይሱዙ» ብዬ ጽፌያለሁ። መኪና ላይ በወጣሁ ቁጥር የሚያጥወለውለኝ እኔ በአይሱዙ እቀና ነበር! «ትዳር» ብዬ ልጨምር ስል ግን እጄ እምቢ አለ። አልዋሽም፣ እፈልገዋለሁ። የምፈልገው ግን ለጠያቂዎች አፍ መዝጊያ እንዲሆነኝ አይደለም።

ሲነጋ ከጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ላልተገኘሁበት ሠርግ ይቅርታ ጠየቅሁ። አኩርፋ ነበር፤ ቡና አፈላችና ሦስተኛው ላይ ታረቅን። መንገድ ላይ እንደፈራሁት «ምን ላይ ደረስሽ?» ያሉኝ እናት አልጠፉም። «አባባን ልጠይቅ መጥቼ ነው» አልኳቸው። መረቁኝ። ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የተደበቅሁት?

እናንተም ሞክሩት። ወረቀቱን ለማንም አታሳዩ፤ ለራሳችሁ ግን አትዋሹ። ከሁለተኛው ቦታ አንድ ነገር ብቻ መርጣችሁ ጀምሩ። ሁሉን በአንዴ ካላችሁ እንደኔ ጥሬውን ትለቅማላችሁ።

እኔ ዲላ ስመለስ የማታ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተመዘገብኩ። ከክፍሉ ትልቋ እኔ ነኝ። አንዲት ልጅ «እትዬ» ብላ ጠራችኝ! በመጀመሪያው ቀን ከፋኝ። በሁለተኛው ቀን ዞር ብዬ «አቤት» አልኳት።

ቸር እንሰንብት!