የዕለት ማስታወሻ ለጸሐፊ የሚሰጠው ጥቅም

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህን አባባል ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እውነትነቱን የተረዳሁት ግን ባለፈው ዓመት ነው። ስለዚህ ደራሲ ለመሆን የሚመኝ ተማሪ ሁሉ የዕለት ማስታወሻ መያዝ ለምን እንደሚገባው በአጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

የዕለት ማስታወሻ ማለት ሰው በየቀኑ ያየውን፤ የሰማውንና ያሰበውን ለራሱ የሚጽፍበት ደብተር ነው። ጥቅሙም ብዙ ቢሆን እኔ ሦስቱን እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ጥቅም ትንንሹን ነገር ከመረሳት ማዳኑ ነው። ባለፈው ዓመት መምህራችን በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበረበት ስለ 2013 እና ስለ 2014 ዓ.ም. ድርሰት እንድንጽፍ አዘዙን። ያን ጊዜ ከቶ አልረሳውም እያልሁ እመካ ስለ ነበር ሥራው ቀላል መሰለኝ። ነገር ግን ብዕሬን ባነሣሁ ጊዜ «እጅግ ከባድ ነበር፤ እጅግም ያሳዝን ነበር» ከማለት በቀር የምጽፈው አጣሁ። ታናሽ ወንድሜን ብጠይቀው እኔ ከማስታውሰው የተለየ ነገረኝ። በመጨረሻ እናቴ ብድር የምትመዘግብባትን ትንሽ ደብተር ሰጠችኝ። በአንዱ ገጽ ላይ ከነቀኑ «ሁለት ሻማ፤ ግማሽ ኪሎ ዱቄት፤ ከጎረቤት አንድ ብርጭቆ ጨው» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ይህን ሳነብ የዚያች ማታ ነገር ሁሉ ተመለሰልኝ። ጨዉን ለመበደር የተላክሁት እኔ ነበርሁ፤ ጎረቤታችንም ከቀረቻቸው ላይ ከፍለው ሲሰጡኝ «ይህ አይመለስም በላት» ብለውኝ ነበር። እናቴ ግን ዕዳ አድርጋ ጽፋዋለች። ድርሰቴም ከዚያች ብርጭቆ ጨው ጀመረ። ልባችን ትልቁን ኀዘን ይይዛል፤ ትንሹን ነገር ግን ይጥላል፤ አንባቢን የሚያሳምነው ደግሞ ትንሹ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥቅም እውነተኛነት ነው። ለዚህም ከከተማችን አጠገብ ምስክር አለን። ከመቀሌ በስተ ደቡብ 17 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጨለቆት፤ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን፤ ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ ይኖር ነበር። ሄንሪ ሶልት የተባለው መንገደኛ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1805 ከራስ ዘንድ ትቶት ስለ ሄደ ከአሥር ዓመት በላይ በአገራችን ቆየ። ፒርስ ሊቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ሠርጉንም ድግሱንም ሕመሙንም ይጽፍ ነበር። ትግርትየር ስለሚባለውና በሙዚቃና በጭፈራ ይታከም ስለ ነበረው ሕመም ሲጽፍ የገዛ ሚስቱ በዚሁ እንደ ታመመች ይናገራል። ማስመሰል መስሎት ሰው በሌለበት በአለንጋ እንደ መታት፤ እርስዋም እንደ በድን ሆና ስትወድቅ እንደ ደነገጠ አልሸሸገም። ነገሩን ሳይጽፍ ቆይቶ በስተርጅና ቢተርከው ኖሮ፤ ራሱን ደኅና ሰው አድርጎ ባቀረበው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ፒርስ በ1820 በእስክንድርያ ሞተ፤ ማስታወሻው ግን በ1831 በለንደን በሁለት ቅጽ ታተመ። የጨለቆትን የዚያን ዘመን ኑሮ ዛሬ ስንፈልግ ወደ እንግዳ ደብተር መሄዳችን የሚያሳስብ ነው። ሆኖም ከአገራችን ልጆች ደብተራ ፍሥሐ ጊዮርጊስ ወደ ኢጣልያ ያደረጉትን ጉዞ በትግርኛ ጽፈው በ1895 በሮማ ማሳተማቸው፤ ያዩትን መጻፍ ለእኛም እንግዳ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ሦስተኛው ጥቅም ማስታወሻ የጸሐፊ መለማመጃ መሆኑ ነው። አን ፍራንክ የተባለችው አይሁዳዊት ልጃገረድ በ1942፤ 13 ዓመት ሲሞላት፤ ደብተር ተሰጣት። ከናዚዎች ተሸሽጋ በአምስተርዳም ስትኖር በእርሱ ላይ ትጽፍ ነበር። በ1944 አንድ የሆላንድ ሚኒስትር ከጦርነቱ በኋላ የሕዝቡ ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎች እንዲሰበሰቡ ሲናገር በራዲዮ ሰማች፤ ከዚያም የጻፈችውን መጽሐፍ ይሆን ዘንድ እያረመች እንደገና መጻፍ ጀመረች። ሳትጨርሰው ተይዛ በ1945 በማጎሪያ ሰፈር ሞተች፤ አባቷም ጽሑፏን በ1947 አሳተሙት። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አን ልታርመው የቻለችው አስቀድማ የጻፈችው ስለ ነበራት ነው።

«ጊዜ የለኝም» የሚል ቢኖር፤ ከመኝታ በፊት አምስት መስመር ይበቃል እለዋለሁ። ቀኑን አስቀድሙ። «አዘንሁ» ብላችሁ አታቁሙ፤ ያሳዘናችሁን ነገር ጻፉ። የሰማችሁትን ንግግር ሳታሳምሩ እንደ ተነገረ አስፍሩት። በራሳችሁ ያፈራችሁበትንም ቀን አትዝለሉ። ደብተሩንም በደኅና ቦታ አኑሩት፤ የሰው ምሥጢር ሊኖርበት ይችላልና።

እናቴ ደብተሯን የያዘችው ዕዳዋን ለመክፈል እንጂ ለደራሲ ብላ አልነበረም። ሆኖም እኔ ያጣሁትን አንድ ማታ የመለሰችልኝ እርስዋ ናት። ያልተጻፉት ሌሎቹ ማታዎች ግን አልተመለሱልኝም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ የዛሬውን ቀን ዛሬውኑ ጻፉት።