እሾህ የለበሰችው ጢንዚዛ

ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወርጄ ፎገራ ሜዳ ላይ የሩዝ ማሳ ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ነው። የጅማቱን መስመር ተከትለው የወረዱ ቀጫጭን ነጭ ጭረቶች ካየሁ ትሪኪስፓ የምትባለውን ጢንዚዛ እጠረጥራለሁ። ርዝመቷ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ መልኳ ጥቁር ግራጫ፣ ጀርባዋ እሾህ በእሾህ። የምትኖረው በሩዝና በሣር ዘመዶቹ ላይ ነው። እጯ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ከላይና ከታች ባለው ስስ ቆዳ መካከል እየበላ ያድጋል፤ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ሳነሳ ጠፍጣፋው ቢጫ ትል ወለል ብሎ ይታየኛል።

ወገኑን መለየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እሾሃም ጢንዚዛ ሁሉ ትሪኪስፓ አይደለምና። ሊኒየስ በ1767 እ.ኤ.አ. ሂስፓ ብሎ የሰየመው ወገንም ሣር በል ነው። በአጉሊ መነጽር ሳየው የአንቴናው የመጀመሪያ አንጓ ረጅም እሾህ አለው፤ ዳክቲሊስፓ በሚባለው ወገን ግን አንቴናው እሾህ አልባ ነው። ስለዚህ የጀርባውን እሾህ ከመቁጠሬ በፊት አንቴናውን እመረምራለሁ።

ይህን ያህል የምደክመው ለገበሬው እንጀራ ብዬ ነው። ትሪኪስፓ የሩዝን ቅጠል ቢጫ የሚያደርግ ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል ታሸጋግራለች፤ በሽታው መጀመሪያ የታየው በ1966 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው በአብዛኛው ወደ ቅጠሉ ጫፍ ስለሆነ፣ ችግኝ የሚያዛውር ሰው ከመትከሉ በፊት ጫፉን ቆርጦ ቢያስወግድ ብዙውን እጭ ከማሳው ያስቀራል።