የጠፋች አህያ እንዴት ቤቷ ትገባለች?

በማለዳ ወደ መርካቶ፣ ወደ እህል በረንዳ ብቅ ያለ ሰው እህል የተጫኑ አህዮች በመኪናና በሰው መካከል እየተሽሎከለኩ ሲያልፉ ያያል። መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድ ሸክሙን የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ ቁጥራቸውም 9 ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል። በጭነት ለሚተዳደር ቤተሰብ አህያ ጠፋች ማለት የልጆች ራት ጠፋ ማለት ነው።

አህያ የምትጠፋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ጭነት ሲራገፍ ደንግጣ ወይም ከሌላ መንጋ ጋር ተቀላቅላ ስትሄድ ነው። ሁለተኛው ግን የከፋ ነው፤ ጀርባዋ ሲገጠብ፣ እግሯ ሲያነክስ ወይም ስታረጅ ባለቤቷ ራሱ ይለቃታል። ከዚያ በኋላ ቀን ቆሻሻና ፌስታል ትበላለች፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ አለ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የተባለው በከንቱ አይደለም።

ከባለቤቷ ጋር የሚያገናኛት ምንድን ነው? በመጀመሪያ ምልክት ነው፤ የጆሮ ብጣት፣ የመተኮሻ ጠባሳ፣ የጠጉር ቀለም። ስለዚህ ባለቤት የአህያውን ምልክት አስቀድሞ ለጎረቤት ማሳየት ይገባዋል። ያገኛትም ሰው ሳይጭናት ለሠፈር ሽማግሌዎችና ለፖሊስ ያሳውቅ። በሙሴ ሕግ የጠላት አህያ እንኳ ጠፍታ ብትገኝ ለባለቤቷ እንድትመለስ ታዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ያመለጠ የቤት እንስሳ ባለቤት እንደሌለው የሚቆጠረው ባለቤቱ አንድ ወር ሳይፈልገው ሲቀር ወይም ፍለጋውን ለአንድ ወር ሲያቋርጥ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ መፈለግን መተው መብትን መተው ነው።

ፈላጊ ያጣችውን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሦስት ነገር ያስብ። ገጣባዋ እስኪድን ጭነት አይንካት። ስትድንም ከጭነቱ ሥር ወፍራምና ንጹሕ ድልድል ይሁንላት፤ ቀጭን የናይለን ገመድ ሥጋዋን ይቆርጣልና። ሦስተኛም ብቻዋን አትሁን። አህያ ከጓደኛዋ ጋር ጥብቅ ፍቅር አላት፤ ስትለያት መብል ትተዋለች፤ መብል የተወች አህያም ስብ በደሟ ውስጥ ተከማችቶ ልትሞት ትችላለች። ለሕክምናው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝ አገር የተመሠረተው ዶንኪ ሳንክቹዋሪ በመርካቶ አካባቢ የጭነት አህዮችን ያለ ክፍያ ሲያክም ቆይቷል።

ጉዳዩ ለምን ያስቸኩላል? በቻይና ከአህያ ቆዳ የሚሠራ መድኃኒት በመፈለጉ በአፍሪካ የአህያ ስርቆት በርክቷል። በቢሾፍቱ የነበረው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. ከሕዝብ ተቃውሞ በኋላ ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድን ለማገድ ተስማሙ። አህያ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ አንድ ውርንጭላ ብቻ ስለምትወልድ፣ የጠፋው ቶሎ አይተካም።

በፕሮጀክት የምትሠሩ ወገኖች፣ ለችግረኛ ቤተሰብ አህያ ስትሰጡ ድልድሉንና ምልክቱን አትርሱ። እናንተም ምእመናን፣ ነገ በመንገዳችሁ ብቻዋን የቆመች አህያ ብታዩ፣ ከማባረራችሁ በፊት «የማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ቤተሰብ እየፈለጋት ይሆናል።